ደቡብ ካሮላይና፦ በሩዝ ማሳ ላይ የተመሠረተችው የባሪያ አሳዳሪዎች ግዛት

ዛሬ ከአሜሪካ 50 ግዛቶች አንዷ የኾነችው ደቡብ ካሮላይና በ1670 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ኾና ተቆረቆረች። በቨርጂኒያ ባርነት ሥር የሰደደው ሰፈራው ከተጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። በካሮላይና ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሳይደርሱ የባሪያ አሳዳሪው መብት በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አመጣጥ የሚከታተል ሰው ከዚህች ግዛት ስም ጋር ደጋግሞ መገናኘቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከለንደን ነው። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከስደት ተመልሶ ዙፋኑን ከያዘ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1663፣ ውለታ ለዋሉለት ስምንት መኳንንት ከቨርጂኒያ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሰጣቸው። በእኛ ሀገር አነጋገር ጉልት ሰጣቸው ቢባል ከእውነታው ብዙም አይርቅም፤ መሬት ያከፋፍላሉ፣ ግብር ይቀበላሉ፣ ገዥ ይሾማሉ። ንጉሡ በዓይኑ ያላየው ያ ምድር ግን ባዶ አልነበረም። ኪያዋ፣ ካታውባ፣ ቼሮኪና ሌሎችም ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር።

ከቀደምት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ የመጡት ከካሪቢያኗ ደሴት ከባርቤዶስ ነው። ባርቤዶስ ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲኾን፣ በዚያ ዘመን መሬቷ በሸንኮራ አገዳ ተሸፍኖ በጥቂት ባለጸጎች እጅ ገብቶ ነበር። መሬት ያነሳቸው አሳዳሪዎች ዓይናቸውን ወደ ካሮላይና ጣሉ። መኳንንቱም እነርሱን ለመሳብ በመጀመሪያው ዓመት ይዘውት ለሚመጡት ለእያንዳንዱ ወንድ ባሪያ 20 ኤከር፣ ለእያንዳንዷ ሴት ባሪያ 10 ኤከር መሬት እንደሚሰጡ ቃል ገቡ። 20 ኤከር 8 ሄክታር ገደማ ነው። መሬቱ የሚሰጠው ለሚያርሰው ሳይኾን ለሚያሳርሰው ነበር።

በ1669 ለቅኝ ግዛቷ የመተዳደሪያ ደንብ ተረቀቀ። በዝግጅቱ ከተሳተፉት አንዱ የመኳንንቱ ጸሐፊ የነበረው ጆን ሎክ ነው፤ ኋላ ስለ ሰው ልጅ ተፈጥሯዊ ነጻነት በጻፋቸው መጻሕፍት በዓለም የታወቀው ፈላስፋ። ደንቡ ለማንኛውም ነጻ ሰው በጥቁር ባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ባሪያው ሃይማኖቱን ቢለውጥም ይህ ሥልጣን እንደማይነካ ይደነግጋል። የሰፋሪዎቹ ምክር ቤት ደንቡን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ አያውቅም። ስለ ባርነት የተቀመጠው ሐሳብ ግን በተግባር ጸና። በ1696ም የባርቤዶስን የባሪያ ሕግ መነሻ ያደረገ ሰፊ ሕግ ወጣ።

የመጀመሪያው ሰፈር በአሽሊ ወንዝ ዳር የተመሠረተ ሲኾን፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ አሽሊና ኩፐር የተባሉት ወንዞች ወደሚገናኙበት የባሕር ዳር ምድር ተዛወረ። ቻርልስ ታውን ተባለ፤ የዛሬዋ ቻርልስተን ነች። የቀደሙት ዐሥርት ዓመታት መተዳደሪያ የከብት እርባታ፣ የእንጨትና የአጋዘን ቆዳ ንግድ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ንግድ ነበረ፤ ነባር ሕዝቦችን እርስ በርስ እያዋጉ የተማረኩትን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች መሸጥ። እስከ 1715 ባለው ጊዜ በዚህ መንገድ የተሸጡት ሰዎች በዐሥር ሺህዎች እንደሚቆጠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በዚያው ዓመት በነጋዴዎች ዕዳና በደል የተማረሩት ያማሲዎችና አጋሮቻቸው ተነሡ። ቅኝ ግዛቷም ለመጥፋት ተቃርባ ተረፈች። መኳንንቱ በጦርነቱ አልደረሱልንም ያሉት ሰፋሪዎች በ1719 በአገዛዛቸው ላይ አመጹ። በ1729 ዘውዱ የአብዛኞቹን መኳንንት ድርሻ ገዝቶ ቅኝ ግዛቷን በቀጥታ ያዘ፤ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና መለያየትም በዚሁ ጊዜ ለይቶለታል።

የግዛቷን ዕጣ የወሰነው ግን ሩዝ ነው። ሰፋሪዎቹ ለባሕር ማዶ ገበያ የሚኾን ሰብል ሲፈልጉ ቆይተው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሩዝ በረግረጋማው ቆላ እንደሚስማማ ተረዱ። እንግሊዛውያን ሩዝ የማብቀል ልምድ አልነበራቸውም። ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ከሴኔጋምቢያና ከሴራሊዮን ጠረፍ፣ በባርነት ከመጡት መካከል ግን በሀገራቸው ሩዝ ሲዘሩ የኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ውኃ በክትር ይዞ ማሳን ማጥለቅለቅና መልሶ ማንጣፈፍ፣ በሙቀጫና በዘነዘና መውቀጥ፣ በሰፌድ ማንገዋለል፣ እነዚህ ሁሉ በምዕራብ አፍሪካ የቆዩ የሩዝ ሥራዎች ናቸው። ታሪክ ጸሐፊው ፒተር ዉድ በ1974፣ የጂኦግራፊ ምሁሯ ጁዲት ካርኒም በ2001 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የካሮላይና ሩዝ በአፍሪካውያን እውቀት የተገነባ መኾኑን ተከራክረዋል። ሌሎች ምሁራን ደግሞ የአውሮፓውያኑ ገንዘብና ሙከራ ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም ይላሉ። ጉልበቱ የማን እንደነበር ግን የሚያከራክር አልኾነም።

ሥራው እጅግ ከባድ ነበር። በጥድና በሌሎች ዛፎች የተሸፈነውን ረግረግ መንጥሮ፣ ክትሩን በአካፋ ሠርቶ፣ ቦዩን ቆፍሮ የሚያወጣው የሰው ክንድ ነው። ኋላ ላይ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የባሕሩን ሞገድ ከፍና ዝቅ ማለት የሚጠቀም ዘዴ ተስፋፋ። ባሕሩ ሲሞላ ወንዙን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ከላይ ያለው ጨው አልባ ውኃ ከፍ ይላል፤ የክትሩ መዝጊያ ተከፍቶ ማሳው ይጠጣል። ባሕሩ ሲጎድል ደግሞ ውኃው ተመልሶ ይወርዳል። ሠራተኛው ግን ጉልበቱ ድረስ በጭቃ ቆሞ ያርማል። ወባው ብርቱ ስለነበር ብዙ የእርሻ ባለቤቶች ክረምትና በልግ ከመግባቱ በፊት፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ወደ ከተማ ይሸሹ ነበር። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም ዕረፍት የለም፤ መውቀጡ ይቀጥላል።

ሥራው የሚለካው በ“ምድብ” ነበር። አንድ ሰው በቀን ሩብ ኤከር፣ ማለትም ከሄክታር አንድ ዐሥረኛ ገደማ፣ ይቆፍራል ወይም ያርማል። ምድቡን የጨረሰ በቀረው ጊዜ የራሱን ጓሮ ይሠራል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ዶሮ ያረባል። ይህች ጠባብ ፋታ ቤተሰብና ቋንቋ የሚጠበቅባት ሰዓት ኾነች። 

በ1708 ለለንደን የተላከ የሕዝብ ቁጥር በቅኝ ግዛቷ 4 ሺህ 80 ነጮች፣ 4 ሺህ 100 ጥቁር ባሮችና 1 ሺህ 400 ከነባር ሕዝቦች የተያዙ ባሮች እንደነበሩ ያሳያል። ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ በ1740 ገደማ ከሦስት ነዋሪዎች ሁለቱ አፍሪካውያን ነበሩ። በዚሁ ጊዜ በዓመት ወደ ውጭ የሚላከው ሩዝ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ አልፏል፤ በእኛ መለኪያ ከ180 ሺህ ኩንታል በላይ ማለት ነው። ቻርልስ ታውን በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙ ባለጸጋ ከተሞች ተርታ ገባች። የባሮቹ ብዛት የሀብቷ ምንጭ እንደነበረ ሁሉ የአሳዳሪዎቹ የዘወትር ስጋትም ነበር።

ስጋቱ መስከረም 9 ቀን 1739 እውን ኾነ። ዕለቱ እሑድ ነው። ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ከቻርልስ ታውን በስተደቡብ ምዕራብ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ተሰባሰቡ። አንድ ሱቅ ሰብረው ባለሱቆቹን ገደሉ፤ ጠመንጃና ባሩድም ወሰዱ። ከዚያ ከበሮ እየመቱ ወደ ደቡብ አቀኑ። መድረሻቸው በስፔን ሥር የነበረችው ፍሎሪዳ ነበረች፤ የስፔን ንጉሥ ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሸሽተው ለሚመጡ ባሮች ነጻነት እንደሚሰጥ አውጆ ነበርና። በቅዱስ አውጉስጢኖስ ስም በተጠራችው ከተማ አቅራቢያ ያመለጡት ጥቁሮች የሚኖሩበት ምሽግም ተቆርቁሮ ነበር። ብዙዎቹ ዐማፅያን ከኮንጎ መንግሥት አካባቢ የመጡ፣ ምናልባትም በውትድርና ያለፉ እንደነበሩ ይታመናል። በመንገዳቸው ቤት እያቃጠሉ፣ ያገኟቸውን ነጮች እየገደሉ ሄዱ። ለባሮቹ ርኅራኄ ያሳይ ነበር የተባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትን ግን አልነኩትም። ቁጥራቸውም እየጨመረ መጣ።

አጋጣሚ ኾኖ የቅኝ ግዛቷ ምክትል ገዥ ዊሊያም ቡል በዚያው መንገድ በፈረስ ሲመጣ አያቸውና አምልጦ ወሬውን አሰማ። የሰፋሪዎቹ ጦር ከሰዓት በኋላ ደርሶ ከበባቸው። ከ20 በላይ ነጮችና ከ40 ያላነሱ ዐማፅያን በዚያ ዐመጽ ሞቱ። ከተያዙት የአንዳንዶቹ ራስ ተቆርጦ በመንገድ ዳር ለማስፈራሪያ ተሰቀለ።

በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ያወጣው የ1740 ሕግ ለቀጣዩ ምዕተ ዓመት የግዛቷ የባርነት ሥርዓት ምሰሶ ኾኖ ቆየ። ባሪያ የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው፤ ልጅም የእናቱን ሁኔታ ይወርሳል። ባሪያን ጽሕፈት ያስተማረ 100 ፓውንድ ይቀጣል። ከበሮና ቀንደ መለከት ተከለከለ። ሕጉ በአንድ ወገን ለባሮቹ የሚራራ ለመምሰልም ሞክሯል፤ በበጋው ወራት በቀን ከ15 ሰዓት በላይ ማሠራት እንዳይፈቀድ ደንግጓል። ባሪያውን ኾን ብሎ የገደለ አሳዳሪ የሚጠብቀው ቅጣትም የ700 ፓውንድ መቀጮ ነበር፤ ስቅላት አይደለም።

በደቡብ የምትጎራበታት ጆርጂያ ባርነትን በሕግ ከልክላ ጥቂት ዓመታት ሞክራ ነበር። ሰፋሪዎቿ ግን የካሮላይናን ሀብት እያዩ መታገስ አልቻሉም፤ ክልከላው በ1751 ቀረ።

ቅኝ ግዛቶቹ በእንግሊዝ ላይ በተነሡ ጊዜ ነጻነትና ባርነት በአንድ ቤት ሲኖሩ የታየው በደቡብ ካሮላይና ነው። ቶማስ ጄፈርሰን በ1776ቱ የነጻነት መግለጫ ረቂቅ ላይ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ አንቀጽ አስገብቶ ነበር፤ የተሰረዘው ለደቡብ ካሮላይናና ለጆርጂያ ሲባል እንደኾነ ራሱ ጽፏል። ወጣቱ መኮንን ጆን ሎረንስ ባሮችን አስታጥቆ ማዋጋትና በምላሹ ነጻ ማውጣት ይገባል ብሎ ለግዛቷ ምክር ቤት ደጋግሞ አቀረበ፤ ደጋግሞም ወደቀበት። ራሱም በ1782 በጦርነቱ ማብቂያ ተገደለ። አባቱ ሄንሪ ሎረንስ በቻርልስ ታውን ከታወቁት የባሪያ ነጋዴዎች አንዱ የነበረና ኋላም የአሜሪካ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የኾነ ሰው ነው። በ1782 በፓሪስ የሰላም ድርድር ላይ ለእንግሊዝ የተቀመጠው ሪቻርድ ኦስዋልድ የሎረንስ የቆየ የንግድ ሸሪክ ነበር፤ ከሴራሊዮኑ የባንስ ደሴት ምሽግ ሰዎችን ይልክለት፣ ሎረንስም በቻርልስ ታውን ይሸጥለት ነበር። ሎረንስ በመጨረሻው ሰዓት ደርሶ በስምምነቱ ያስገባው ቃል እንግሊዞች ሲወጡ ጥቁሮችንና ሌላ ንብረትን ይዘው እንዳይሄዱ የሚከለክል ነው። ይሁንና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እንግሊዞች ከተማዋን ሲለቁ ከ5 ሺህ በላይ ጥቁሮች አብረው ወጡ፤ ከፊሎቹ ወደ ነጻነት፣ ብዙዎቹ ግን ወደ ሌላ ባርነት።

በ1787 በፊላዴልፊያ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ የደቡብ ካሮላይና ልዑካን ጆን ራትሌጅ፣ ሁለቱ ፒንክኒዎችና ፒርስ በትለር ነበሩ። የባሪያ ንግድ ከታገደ ግዛታቸው ኅብረቱን እንደማትቀበል በግልጽ ተናገሩ። ውጤቱም ኮንግረስ እስከ 1808 ድረስ ንግዱን እንዳያግድ የሚከለክል አንቀጽ ኾነ። የኮበለለ ባሪያ ለአሳዳሪው እንዲመለስ የሚያዘውን አንቀጽ ያቀረበውም በትለር ነው። የግዛቷ ጉባኤ ግንቦት 23 ቀን 1788 ሕገ መንግሥቱን በ149 ድምፅ ለ73 አጸደቀ፤ ደቡብ ካሮላይናም ስምንተኛዋ ግዛት ኾነች። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ከ249 ሺህ 73 ነዋሪዎቿ 107 ሺህ 94ቱ ባሮች ነበሩ።

ግዛቷ ራሷ ለጊዜው ዘግታው የነበረውን ከውጭ ባሪያ የማስገባት ንግድ በ1803 መጨረሻ መልሳ ከፈተችው። የጊዜ ገደቡ እስከሚደርስ በነበሩት አራት ዓመታት 40 ሺህ ያህል አፍሪካውያን በቻርልስተን ወደብ ተራግፈዋል። ብዙዎቹ ያረፉበት የጋድስደን የመርከብ ማራገፊያ ዛሬ ከ2023 ጀምሮ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየም ቆሞበታል። በባሕር ዳር ደሴቶቹ የሚኖሩት የእነዚያ የሩዝ ሠራተኞች ልጆችም ጉላ የተባለውን ከእንግሊዝኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎች የተዋለደ ቋንቋቸውን አሁንም ይናገራሉ፤ ሩዝ ይነፋበት የነበረውን ሰፌድ የሚመስሉ የሣር ስፌቶችንም በቻርልስተን መንገዶች ዳር እየሰፉ ይሸጣሉ።