ጉልህ፦ የወፍራም ፊደል ታሪክ ከብራና እስከ ታፔላ

ከአምባራስ ተነስቶ ደባርቅ ገበያ የገባ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚይዘው ታፔላ ነው። «ምግብ ቤት» ይላል። ፊደሉ በብሩሽ የተሣለ፣ እግሩ የወፈረ፣ ሆዱ የተነፋ ነው። ስናየው ፈገግ እንላለን፤ ልጅ የሣለው ይመስላል። ፊደል ማወፈር ግን እዚህ አገር የትናንት ፋሽን አይደለም።

አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ የቆረቆሯት ጎንደር ቁም ጸሐፊዎች ነበሯት። ትልልቅና ክብ ክብ ባለ ፊደል ብራና ላይ ይጽፉ ነበር። ይህ አጻጻፍ «ጉልህ» ይባላል፤ ቀጭኑና ደቃቁ ደግሞ «ረቂቅ»። ጉልህ በጧፍ ብርሃንም ቢሆን ለማንበብ ይቀላል፤ ችግሩ ብራና ይበላል። ብራና ማለት ቆዳ ነው፤ ተፍቆ፣ ተወጥሮ የደረቀ። ገጹ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ከተጻፈ ብዙ ፍየል ይታረዳል ማለት ነው። ስለዚህ ወፍራም ፊደል የአቅም ጉዳይም ነበር፤ ቤተ መንግሥትና ታላላቅ አድባራት ይችሉታል፣ ድሃ ደብር ግን ከየት አምጥቶ?

እ.ኤ.አ. በ1855 እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አስገቧቸው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ብዙዎቹ ተዘረፉ፤ 350 ያህሉ ለንደን ደረሱ። ዛሬ የአያቶቹን ጉልህ ማየት የሚፈልግ የደባርቅ ልጅ ባሕር መሻገር ሊኖርበት ነው።

የታፔላ ሠዓሊው ጥበቡን ከብራና ቀዳ እያልኩ አይደለም። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ ፊደል ወፍሮም እንዴት ይነበባል? የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ከተደፈነ «ቢ» ይሆናል፤ ምግብ ቤቱም «ምግብ ቢት» ሆኖ ቁጭ። ጎበዝ ሠዓሊ ቀለበቷን ትንሽ ከፈት አድርጎ ያተርፋታል።

ታዲያ ኮምፒውተራችን ላይ እንዲህ ያለ ተጫዋች ፎንት ለምን አነሰ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ላቲን የሚሠራ ሰው 26 ፊደል በትልቅና በትንሽ ይሥላል። የኛ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። እያንዳንዷ ቀለበትና እግር ለብቻዋ መታሰብ አለባት። ይህን ሁሉ ለቀልደኛ ፊደል ብሎ የሚለፋ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፖስተር ላይ እንግሊዝኛው ይጨፍራል፣ አማርኛው እንደ ቢሮ ደብዳቤ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የታተመ ባነር በመጣ ቁጥር ደግሞ ብሩሹ ከመንገድ እየወጣ ነው። ታፔላ ሲወርድ ማንም አያለቅስለትም፤ ግን ፊደል የማወፈር እውቀት አብሮት ይወርዳል። ነገ ፎንት የሚሠራ ልጅ ከየት ይማር?

በደባርቅ ካለፋችሁ ስልካችሁን አውጡና አንድ ታፔላ አንሡ። በተለይ «ቤ»ዋን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ቀለበቷን እንዴት እንዳተረፋት።