ጭቃው ቆሞ ሠሪዋ ስትዞር

ማግዳሊን ኦዱንዶ እ.ኤ.አ. በ1971 ከኬንያ ወደ እንግሊዝ አገር የተሻገሩት የግራፊክስ ጥበብ ለማጥናት እንጂ ጭቃ ለማቡካት አልነበረም። በ1950 ናይሮቢ የተወለዱት ኦዱንዶ ልጅነታቸውን በኬንያና በሕንድ ካሳለፉ በኋላ በአገራቸው የግራፊክስና የንግድ ሥዕል ሙያ ቀስመው ነበር። ካምብሪጅ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሳሉ ግን እጃቸው ከሸክላ ጋር ተዋወቀ። ከዚያም ፋርንሃም ወደሚገኘው የዌስት ሰሪ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ኮሌጅ ገቡ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የሸክላ ጥበብ ዋነኛ መሣሪያዎች መንኮራኩርና በእሳት እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ቅብ ነበሩ። ኦዱንዶን ወደ ሌላ መንገድ የመራቸው ሰው ራሱ እንግሊዛዊ መሆኑ ያስገርማል። ማይክል ካርዲው የተባሉት ሸክላ ሠሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ናይጄሪያ ውስጥ አቡጃ ትባል በነበረችው፣ ዛሬ ሱሌጃ በምትባለው ከተማ ማሠልጠኛ አቋቁመው ነበርና ተማሪዋ ሄደው እንዲያዩት አበረታቷቸው። ኦዱንዶ በ1974 ወደዚያ ተጓዙ። ማሠልጠኛው የተከፈተው መንኮራኩሩንና ቅቡን ለማስተማር ቢሆንም የእርሳቸው ዓይን ያረፈው ከማሠልጠኛው በፊት በነበረው የሴቶች ዕውቀት ላይ ነው።

የዚያ ዕውቀት ታላቋ ባለቤት ላዲ ክዋሊ ነበሩ። ሙያውን በትውልድ መንደራቸው ከአክስታቸው ተምረዋል፤ በ1954 ማሠልጠኛው ሲገቡም የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ትልልቅ እንስራ የሚሠሩት እንደ ገመድ የተድቦለቦለ ጭቃ እየደራረቡና በእጃቸው እየሳቡ ነበር። ጭቃው አይሽከረከርም፤ ባለበት ይቆማል፣ ሠሪዋ ናት በዙሪያው የምትዞረው። የእንስራው ክብነት የሚወጣው ከእርምጃዋ ነው። ኦዱንዶ ከአቡጃ ይዘውት የተመለሱት ዋና ነገር ይህ አሠራር ነበር፤ ጌጡን ብቻ ወስዶ መመለስ ይቀልላቸው ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ምንቸትና ጀበና ያለ መንኮራኩር በእጅ ቅርጽ ይይዛሉ፣ በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላሉ፣ በጢስ ይጠቁራሉ። ዕቃው ከየቤቱ ጠፍቶ ባያውቅም ሠሪዋ ግን «ቡዳ» ተብላ ስትሸሽ ኖራለች። እጇን የሚንቅ ሰው ቡናውን ያፈላው በእርሷ ጀበና ነበር።

ኦዱንዶ በኬንያም የሴቶቹን አሠራር ተመለከቱ። ወደ አሜሪካ ተሻግረውም በኒው ሜክሲኮ በሳን ኢልዴፎንሶ የሚኖሩ የአገሬው ተወላጆች ጥቁሩን፣ መስታወት የመሰለውን ሸክላ እንዴት እንደሚሠሩ አዩ። በ1976 ከፋርንሃም ተመረቁ፤ ጥቂት ዓመታት በለንደን ካስተማሩ በኋላ ከ1979 እስከ 1982 በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተከታተሉ።

ዛሬ የሚታወቁበት አሠራር በእነዚህ የተማሪነት ዓመታት የበሰለ ነው። ዕቃው በእጅ ይገነባል፣ በተጣራ ቀጭን ጭቃ ይቀባል፣ ደጋግሞ ይወለወላል፤ ብርጭቆ መሳይ ቅብ የለውም። አየር በሚገባበት እሳት ሲቃጠል ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል። ጢሱን ባፈነና አየር ባጠረው እሳት ዳግመኛ ሲቃጠል ደግሞ ይጠቁራል። ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ገላ ላይ የተገናኙበት ሥራ ሲገኝ፣ ጥቁረቱ የት እንደሚያርፍ የወሰነው ከሠሪዋ ይልቅ እሳቱ ይመስላል። ቀጭኑ አንገትና የተነፋው ሆድ የሴትን አካል ያስታውሳሉ፤ ወደ ኋላ የረዘመው አፍም በኮንጎ የማንግቤቱ ሴቶች ይሠሩት የነበረውን የጠጉር አሠራር።

ኦዱንዶ በ2018 የተማሩበትን የፋርንሃም ኮሌጅ ያጠቃለለው የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነው ተሾሙ፤ በ2020 ደግሞ «ዴም» የተሰኘውን የብሪታንያ ማዕረግ አገኙ። የላዲ ክዋሊ ምስል በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል። ተማሪዋ በለንደን ሙዚየሞች እየተመላለሱ ካጠኗቸው የአፍሪካ እንስራዎች መካከል ግን ብዙዎቹ የመጡበት አገርና ሕዝብ እንጂ የሠሪዋ ስም አልተጻፈባቸውም።