ሐዲድ የወለዳት ከተማ ያላገኘችው ባቡር

ከላስ ቬጋስ መሐል ከተማ ተነሥቶ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ወደ ሄንደርሰን የሚወርደው ቦልደር ሃይዌይ፣ ሄንደርሰን ከመድረሱ በፊት ዊትኒን ሰንጥቆ ያልፋል። ዊትኒ በ2020 በተደረገው ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 49 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። ይሁን እንጂ የራሷ ከንቲባ የላትም፤ የራሷ የከተማ ምክር ቤትም የላትም። የሚያስተዳድሯት የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነሮች ናቸው። ነዋሪዎቿ ስለ መንገድ፣ ስለ መብራትና ስለ አውቶቡስ ያላቸውን ጥያቄ የሚያቀርቡት ሐሳብ ከመስጠት ያለፈ ሥልጣን በሌለው አማካሪ ቦርድ ፊት ነው። ለረጅም ዘመን ስሟ እንኳ የራሷ አልነበረም፤ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ስትባል ቆይታ ዊትኒ የሚለው ስሟ የተመለሰላት በ1993 ነበር።

አውራ መንገዷን የወለደው የሁቨር ግድብ ነው። ግድቡ ከ1931 ጀምሮ ሲገነባ ሠራተኛና ዕቃ የሚመላለስበት መንገድ አስፈለገ፤ ከዊትኒ በስተደቡብ ደግሞ እስከ ቦልደር ሲቲ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ግድቡ በ1935 ተመረቀ፣ መንገዱም ቀረ። ዛሬ በዚያ መንገድ ዳር አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው የግድብ ሠራተኛ ሳይሆን የሆቴል አልጋ የሚያነጥፍ፣ ወጥ ቤት የሚሠራ፣ ሌሊቱን በካዚኖ ፈረቃ የሚያሳልፍ ሰው ነው። የዚህ ሰው ጥያቄ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በላስ ቬጋስ ሸለቆ ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። ሚሊዮኖች ጎብኚዎችን የምታስተናግድ ከተማ ሠራተኞቿን የሚያጓጉዝ ባቡር የሌላት ለምንድን ነው? መንግሥትስ ለምን ገንዘብ አይመድብም?

ጥያቄውን እንግዳ የሚያደርገው ላስ ቬጋስ ራሷ የባቡር ልጅ መሆኗ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1905 ሎስ አንጀለስን ከሶልት ሌክ የሚያገናኘው የባቡር ኩባንያ በበረሃው ውስጥ የሸነሸነውን መሬት በጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከተማ ተፈጠረች። ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ የሞንታናው ሴናተር ዊልያም ክላርክ ሲሆን፣ በ1909 የተቋቋመው ካውንቲ በስሙ ተጠርቷል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1902፣ በሌላ በረሃ ጫፍ ተመሳሳይ ታሪክ ተፈጽሞ ነበር፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። ድሬዳዋም ላስ ቬጋስም ውኃና ጥላ ለባቡር ያቀረቡ፣ በምላሹ ከተማነትን የተቀበሉ ስፍራዎች ናቸው።

የድሬዳዋው ታሪክ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ መስመሩ አዲስ አበባ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ግን ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው በ1907 ከሰረ፤ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሐዲድ ብረትና ድንጋይ ይመስላል እንጂ ዋናው ጉዳይ ማን ይከፍላል የሚለው እንደሆነ ኢትዮጵያ ቀድማ ተምራለች። ላስ ቬጋስ ይህንኑ ትምህርት ቆይታ፣ በሌላ መንገድ ተቀበለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ፊቷን ወደ መኪና አዞረች። መንገዱ ሰፋ፣ ሰፈሩ ተበታተነ፣ ሆቴሎቹ ስትሪፕ በሚባለው ጎዳና ተደረደሩ። በ1997 ደዘርት ዊንድ የተባለው የመንገደኞች ባቡር ሲቋረጥ፣ በሐዲድ የተወለደችው ከተማ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር አልባ ሆነች። የቀድሞው ጣቢያ በነበረበት በፍሪሞንት ጎዳና ራስ ላይ ዛሬ ፕላዛ ሆቴል ቆሟል።

ከዚያ ሞኖሬል መጣ። በሐምሌ 2004 የተከፈተው ይህ መስመር 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ከስትሪፕ በስተምሥራቅ ካሉት ሆቴሎች ጀርባ ይሄዳል። የተገነባው በቦንድ በተሰበሰበ 650 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ከግብር ከፋዩ አንድ ሳንቲም አይነካም መባሉ እንደ ትልቅ ኩራት ተቆጥሮለት ነበር። ነገር ግን የሚያሳፍረው ጎብኚ ብቻ ነበር። ወደ አየር ማረፊያው አይደርስም፤ ወደ ቀድሞው መሐል ከተማ አይደርስም፤ ሠራተኛው ወደሚኖርበት ሰፈርማ ጭራሽ አይቀርብም። በ2010 ከሰረ። በ2020 ዳግመኛ ሲከስር የላስ ቬጋስ የስብሰባና የጎብኚዎች ባለሥልጣን በ24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። የመንግሥት ገንዘብ አያስፈልገውም የተባለው ባቡር መጨረሻው የመንግሥት ንብረት መሆን ሆነ፤ በመካከሉ ግን የከተማው ሰው የሚፈልገውን መስመር የመምረጥ ዕድል አላገኘም።

ነዋሪዎች መንግሥት ገንዘብ ይመድብ ብለው በብርቱ የተሟገቱለት መስመር የሜሪላንድ ፓርክዌይ ነው። ይህ ጎዳና ከዊትኒ በስተምዕራብ፣ ከስትሪፕ በስተምሥራቅ ይገኛል። በአንድ ጫፉ አየር ማረፊያው አለ፤ መሐል ላይ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስና ሰንራይዝ ሆስፒታል አሉ፤ ወደ ሰሜን ሲቀጥል መሐል ከተማውን ያገኛል። ተማሪ፣ ነርስ፣ ሱቅ ጠባቂና የፈረቃ ሠራተኛ የሚገናኙበት ጎዳና ነው። የደቡብ ኔቫዳ የክልል ትራንስፖርት ኮሚሽን፣ በተለምዶ አርቲሲ የሚባለው፣ በዚህ ጎዳና ላይ ቀላል ባቡር ወይስ ፈጣን አውቶቡስ ይሻላል የሚለውን ለዓመታት አጥንቶ ሕዝቡን አወያየ።

የባቡሩ ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል ነበር። የአውቶቡስ መስመር በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ይነሣል፤ ሐዲድ ግን ቃል ኪዳን ነው። ሐዲድ ባለበት ባለሀብት ቤት ይሠራል፤ ሱቅ ይከፈታል፤ መኪና የሌለው ሰው ነገም መስመሩ እዚያው እንደሚቆይ አምኖ ቤት ይከራያል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ከተማዋ ተበታትናለች፣ ተሳፋሪ አይበቃም፣ ወጪው ከባድ ነው፣ አሽከርካሪ የማያስፈልጋቸው መኪኖች እየመጡ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን መሣሪያ ለምን እንገዛለን አሉ። የሁለቱም ወገን ክርክር ባዶ አልነበረም።

በመጨረሻ የወሰነው ሒሳቡ ነው። ቀላል ባቡሩ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር፤ ፈጣን አውቶቡሱ የዚያን ግማሽ አይሞላም። በ2019 የአርቲሲ ቦርድ አውቶቡሱን መረጠ። የፌዴራሉ መንግሥት ለከተማ ትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጠው ከተማው የራሱን ድርሻ ሲያቀርብ ነው፤ የአርቲሲ ዋና ገቢ ደግሞ የሽያጭ ታክስ ነው። የሽያጭ ታክስ የሚጨምረው ገበያ ሲደራ፣ የሚቀንሰው ሰው ሥራ ሲያጣ ነው፤ ማለትም የሕዝብ ትራንስፖርት በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ገንዘቡ ይሸሻል። በ2021 የወጣው የፌዴራል የመሠረተ ልማት ሕግ ጠቅላላ ወጪያቸው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ፕሮጀክቶች ከ150 ሚሊዮን ዶላር የማይደርስ ድጋፍ በአጭሩ መንገድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የሜሪላንድ ፓርክዌይ አውቶቡስ ያገኘው ድጋፍ ለ150 ሚሊዮን ጥቂት ሲቀረው የቆመ ነው፤ ግንባታውም በ2024 ተጀመረ። ባቡር ቢሆን ኖሮ በዚህ በር አያልፍም ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ በሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ግን እንባው ሳይሆን የገባው ማመልከቻ መጠን ነበር የጎደለው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ማስታወስ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ላስ ቬጋስ ያላገኘችውን አዲስ አበባ አግኝታለችና። የሰሜን ደቡቡ መስመር፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ በመስከረም 2015 ሥራ ጀመረ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው በኅዳር ተከተለ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ሥራው የተጠናቀቀው በሦስት ዓመት ገደማ ነው። በአቤቱታ ወይም በድምፅ የመጣ ሳይሆን በመንግሥት የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመጣ ነበር። ከ2 ብር በሚጀምር ትኬት ከዳር ወደ መሐል የገባው የአዲስ አበባ ሰው ባቡሩን ወደደው፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ተጨናንቆም ቢሆን ተጓዘበት።

ግን ማንም ድምፅ ሰጥቶ ያልመደበው አንድ ወጪ ነበር፤ የጥገናው። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ምንዛሪ የለም። የትኬቱ ዋጋ እንኳን ለብድሩ ለዕለት ሥራውም አይበቃም። መብራት ሲጠፋ ባቡሩ ይቆማል። ከተገዙት 41 ባቡሮች በሥራ ላይ የቀሩት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሱ ሄደው፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙዎቹ በጋራዥ ቆሙ። መስመሩ በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ሰፈሮች መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ እግረኛው ለመሻገር ረጅም ዙሪያ ይሄዳል፤ ይህን ጉዳት የሚክስለት ግን የሚጠብቀው ባቡር በሰዓቱ መምጣቱ ብቻ ነበር።

ሁለቱ ከተሞች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ሀብት ብቻ እንዳልሆነ ይገለጣል። በላስ ቬጋስ ነዋሪው ጠየቀ፤ ሒሳቡ በአደባባይ ተሠራ፤ ሒሳቡ ሲከብድ ባቡሩ ቀረ። በአዲስ አበባ ባቡሩ መጣ፤ ሒሳቡ የተነገረው ግን በኋላ፣ ባቡሩ ሲቆም ነው። አንዱ ጋ ጥንቃቄው የነዋሪውን ተስፋ አኮሰሰው፤ ሌላው ጋ ጥድፊያው ተስፋውን ሰጥቶ መልሶ ወሰደው። ስለዚህ መንግሥት ባቡር ይሥራልን የሚል ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በዐሥረኛው ዓመት ጎማውን፣ ሽቦውንና የሹፌሩን ደመወዝ የሚከፍለው ገንዘብ ከየትኛው ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። ይህን አብሮ ያልጠየቀ ነዋሪ ለምረቃ ቀን የሚሆን ባቡር ሊያገኝ ይችላል፤ ለልጁ ግን አያወርሰውም።

ለላስ ቬጋስ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ እሾህ አለበት። በዚህች ከተማ ብዙ ሐበሻ ኑሮውን የመሠረተው በታክሲ መሪ ላይ ነው፤ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እውቅና የሰጣት ትንሿ ኢትዮጵያም ከዚሁ ላብ ጭምር የወጣች ናት። ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚደረግ ጉዞ የሹፌሩ እንጀራ ነው። የአዲስ አበባ ባቡር በጀመረበት በዚያው መስከረም 2015 ኡበር በላስ ቬጋስ በሕግ ተፈቅዶ ሥራ ጀመረ፤ ያንን እንጀራም ያሳነሰው ባቡር ሳይሆን ስልክ ሆነ። ሹፌሩ ባቡርን ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ መንጃ ፈቃድ ያላወጣች እናት፣ በቅርቡ ከአገር የመጣች እህት፣ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ በአውቶቡስ የምትመለስ ሚስት። ለባል ሥጋት የሆነው ለሚስት እፎይታ ነው። በአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ወገን መሆናቸው፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ክርክር በሀብታምና በድኻ መካከል ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ዊትኒ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ስሟ እምብዛም አይነሣም። ሞኖሬሉ ወደ እርሷ አልታሰበም፤ የሜሪላንድ ፓርክዌይ ባቡር ቢሠራ እንኳ በእርሷ በኩል አያልፍም ነበር። በሚያዝያ 2024 ግንባታው በይፋ የተጀመረው፣ 3 ቢሊዮን ዶላር የፌዴራል ድጋፍ የተሰጠው የብራይትላይን ዌስት ፈጣን ባቡርም ጎብኚውን ከካሊፎርኒያ የሚያመጣ እንጂ የዊትኒን ሠራተኛ ሥራው ቦታ የሚያደርስ አይደለም። ቦልደር ሃይዌይ እንደ ግድቡ ዘመን ሰፊና ፈጣን ሆኖ ቀርቷል፤ በእግረኛ ሞት ከሚታወቁት የኔቫዳ መንገዶች አንዱ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2024 የላስ ቬጋስ ሙቀት 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ክብረ ወሰን ሲሰበር፣ በዚያ መንገድ ዳር አውቶቡስ መጠበቅ የጤና ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ለውጥ ግን ጀምሯል። የሄንደርሰን ከተማ በ2022 የመንገዱን ገጽታ ለመቀየር ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የፌዴራል ድጋፍ አግኝቷል፤ ዕቅዱ ለአውቶቡስ የተለየ መስመር፣ ለእግረኛ መሻገሪያና ጥላ ያካትታል። ይህ ባቡር አይደለም። ሄንደርሰን ግን ከንቲባ አላት፣ ምክር ቤት አላት፣ ማመልከቻ የሚጽፍላት መሥሪያ ቤት አላት። ከወሰኑ ወዲህ ማዶ ባለችው ዊትኒ ግን ነዋሪው ያለው አማካሪ ቦርዱና በስብሰባው ላይ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። ባቡር ይምጣ ወይስ ፈጣን አውቶቡስ ይሻላል ከሚለው በፊት፣ በዚያች ጥቂት ደቂቃ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ መስመሩ ሲዘረጋ ማን ይከፍላል፣ ሲያረጅስ ማን ያድሰዋል? አውቶቡሱም ሆነ ባቡሩ በዊትኒ በር ላይ የሚቆመው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲገኝ ነው።