ባሕር የሚያርፍበት ሰዓት

በክረምት የሞላ ወንዝ ስትሻገሩ ምን ይሰማችኋል? ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ፈጥኖ ከወረደ እግር ይከዳል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እስቲ አሁን ይህ ወራጅ ውሃ ከራሳችሁ በላይ 20 ሜትር እንደሚደርስ አስቡት። ባሕር ጠላቂዎች የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1782 ሮያል ጆርጅ የተባለች 100 መድፍ የታጠቀች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በፖርትስመዝ አቅራቢያ መልሕቋን ጥላ እንደቆመች ሰጠመች። ከ800 በላይ ሰዎች አለቁ። ስብርባሪዋም ለሌሎች መርከቦች መሰናክል ሆኖ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። በ1839 ኮሎኔል ቻርልስ ፓስሊ የተባሉ የጦር መሐንዲስ ስብርባሪውን በባሩድ እያፈነዱ ለማንሳት ተነሱ።

ጠላቂዎቻቸው የመዳብ ቁር ያጠልቁ ነበር። አየር የሚደርሳቸው ከላይ በእጅ በሚሠራ ፓምፕ፣ በረጅም ቱቦ ነው። ችግሩ ግን ጅረቱ ነበር። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሳ ባሕሩ እዚያ ለሰዓታት ይሞላል፣ ለሰዓታት ይጎድላል። ሲሞላም ሲጎድልም ይፈስሳል፤ ቱቦውንም ሰውየውንም ይጎትታል። ታዲያ ምን ይደረግ? አቅጣጫው ሲቀየር ውሃው ለጥቂት ጊዜ ረጋ ይላል። ጠላቂዎቹ ያችን ሰዓት ጠብቀው ይወርዱ ነበር።

ፓስሊ ሌላም ትእዛዝ ሰጡ፦ ጠላቂዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሥሩ። በጽሑፍ ከተመዘገቡት ውስጥ የመጀመሪያው የጥንድ ጠለቃ ደንብ ይህ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ያሉ ጀማሪዎች የሚማሩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ 1943 መጣ። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ሠሩ። ቱቦው ቀረ፤ ጠላቂው እንደ ዓሣ ነፃ ወጣ። ግን ልብ በሉ፦ ያ አስቸጋሪ ቱቦና ገመድ ሰውየውን ከመርከቡ ጋር አስሮ ይይዘው ነበር እኮ! አሁን ጀልባዋ በመልሕቋ ተይዛ ትቀራለች፤ ጠላቂው ግን በጅረቱ ይወሰዳል። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጅረት ለእግረኛ ምንም አይደለም። ዕቃ የተሸከመ ዋናተኛ ግን ያንን ለረጅም ጊዜ ተቃውሞ መዋኘት አይችልም፤ ይደክማል፣ አየሩም ያልቃል።

ስለዚህ ገመዱ በሌላ መልክ ተመለሰ። ጠላቂዎች የመልሕቁን ገመድ ይዘው ይወርዳሉ፣ ያንኑ ይዘው ይወጣሉ። ታች ሲደርሱ መጀመሪያ ጅረቱን ተቃውመው ይዋኛሉ፤ ሲደክማቸው ውሃው ራሱ ወደ ጀልባዋ ይመልሳቸዋል። ከጀልባዋ ኋላም ተንሳፋፊ ኳስ የታሰረበት ረጅም ገመድ ይለቀቃል፤ ጀልባዋን ያለፈ ሰው እሱን ይይዛል። ጀልባዋ ላይ ደግሞ ሞተር ማስነሳት የሚችል ሰው ይቀራል። የመልሕቁን ገመድ በተንሳፋፊ ላይ አስሮ ይለቅና የተወሰደውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል።

ጅረቱ ከዚህም ከበረታስ? ያኔ መልሱ ከፓስሊ ዘመን አልተለወጠም፦ ባሕሩ እስኪያርፍ ቁጭ ብሎ መጠበቅ።