የክረምት የውጭ በረራ፦ ትኬቱን መቼ እንቁረጥ? እንዴትስ እንቁረጥ?

ባለፈው ክረምት አዲሱ ገበያ የሚኖር አንድ ጓደኛችን ሁለት ሻንጣ እየጎተተ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖት ነበር። ትኬቱ ላይ የተጻፈው «12 ጁላይ፣ 00:45» ነው። ልጁ ቀኑን በትክክል ወደ ሐምሌ 5 ቀይሮታል፣ ሰዓቱንም «ከሌሊቱ 6:45» ብሎ በትክክል አስልቶታል። ችግሩ ሐምሌ 5 ማታ ከቤት መውጣቱ ነው። 00:45 ማለት ቀኑ ከገባ ገና 45 ደቂቃው ነው፤ ስለዚህ ኤርፖርት መገኘት የነበረበት ሐምሌ 4 ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። አዲስ ትኬት በዕለቱ ዋጋ ገዛ። ለሳምንታት ሲያሳድድ የቆየው ርካሽ ትኬት በአንድ ሌሊት ውድ ሆነበት።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት ካላንደሩን እናስተካክል። ሰኔ 1 ሁልጊዜ ጁን 8 ነው፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7። ከቦሌ የሚነሱ ብዙ በረራዎች የእኩለ ሌሊት አካባቢ በረራዎች ናቸው። ትኬታችሁ በ00 ወይም በ01 የሚጀምር ሰዓት ካለው ጉዞው በዋዜማው ማታ እንደሚጀምር አስቡና ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።

አሁን ወደ ዋጋው። «ማክሰኞ ማታ ግዛ፣ ይረክሳል» የሚባለውን ሰምታችኋል። የምትገዙበት ቀን ሳይሆን የምትበሩበት ቀን ነው ዋጋውን የሚለውጠው። በአንድ አውሮፕላን ኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ ያሉ ወንበሮች ለዓይን አንድ ዓይነት ቢሆኑም፣ ሲስተሙ ውስጥ በፊደል በተለዩ የዋጋ ደረጃዎች የተከፋፈሉ ናቸው። ርካሹ ደረጃ ጥቂት ወንበር አለው፤ እሱ ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል። አንድ ነገር እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ለአራት ሰው ባንዴ ስትፈልጉ በርካሹ ደረጃ የቀረው ሁለት ወንበር ብቻ ከሆነ፣ ሲስተሙ አራቱንም በውዱ ዋጋ ነው የሚያሳያችሁ። ቤተሰብ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ከዚያ ለሁለት እያላችሁ ሞክሩ። ልዩነት ካያችሁ ለሁለት ከፍላችሁ ቁረጡ።

ለሐምሌና ነሐሴ ጉዞ እኛ የምንመክረው ከየካቲት ጀምሮ ዋጋውን ማየት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መቁረጥ ነው። ጉግል ፍላይትስ ወይም ስካይስካነር ላይ መስመራችሁን አስገብታችሁ የዋጋ ማሳወቂያውን አብሩት፤ በቃ፣ በየቀኑ መነካካት አያስፈልግም። ዋጋውን ግን በዶላር ተከታተሉ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የበረራ ዋጋ መነሻው ዶላር ስለሆነ፣ ትኬቱ ሳይጨምር በብር ሊጨምርባችሁ ይችላል።

አቅጣጫም አለ። የውጭ ትምህርት ቤቶች ሰኔ ላይ ሲዘጉ ዲያስፖራው ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ነሐሴ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ በነሐሴ ወደ አሜሪካና ካናዳ የሚሄደው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ በተመላሾች የተሞላ ነው። ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ በዚያው ወር የምትወጡ ተማሪዎች የምትሻሙት ከእነሱ ጋር ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መውጣት የሚችል ሰው ከሰልፉ ተቃራኒ ይሄዳል። ለመዝናናት ከሆነ ደግሞ ዱባይ በክረምት እሳት ስለሆነች ጎብኚ ይቀንሳል፣ ሆቴሉም ይረክሳል። ሙቀቱን ከቻላችሁት እሰየው።

ናይሮቢና ኪጋሊ ለኛ ፓስፖርት ቪዛ አይጠይቁም፤ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ግን ያዙ። አውሮፓ ሌላ ታሪክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሎ መደበኛውን የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ ለሐምሌ ጉዞ ጥር ላይ ቀጠሮ መፈለግ ይቻላል። ቪዛው ሳይወጣ ትኬት እንዳትከፍሉ! ለማመልከቻ የተያዘ ቦታ ማሳየት በቂ ነው።

ብዙ ሰው የሚጃጃለው ትራንዚት ላይ ነው። ኢትዮጵያ በሼንገን አገሮች የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ማለትም ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ፣ ከኤርፖርት ሳትወጡ እንኳ፣ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነጻ ነው። እንግሊዝም ለኛ የራሷ የትራንዚት ቪዛ አላት። በአውሮፓ በኩል 100 ዶላር የቀነሰ ትኬት ስታዩ መጀመሪያ ይህን አጣሩ፤ አለበለዚያ ቦሌ ቼክ ኢን ላይ ነው የምትመለሱት።

ክፍያን በተመለከተ፣ የብር ካርድ በውጭ ድረ ገጾች ላይ አይሠራም። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ትኬት በራሱ መተግበሪያ ቆርጣችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈል ትችላላችሁ። ለሌሎቹ አዲስ አበባ ያለው ቢሯቸው ወይም የጉዞ ወኪል ጋ መሄድ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ከገዛላችሁ፣ አንዳንድ አየር መንገዶች የካርዱን ባለቤት ማረጋገጫ ስለሚጠይቁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በቴሌግራም «በግማሽ ዋጋ» የሚሸጡትን እንዴት እንለይ? ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ብቻ ከላኩላችሁ እሱ የተያዘ ቦታ ነው፤ ካልተከፈለበት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይሰረዛል። እውነተኛ ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ071፣ ኤምሬትስ በ176፣ ቱርክ በ235፣ ሳውዲያ በ065 ይጀምራል። ቁጥሩን ተቀብላችሁ፣ ቦታው በስማችሁ መያዙን አየር መንገዱ ራሱ ገጽ ላይ አይታችሁ፣ ከዚያ ነው ብር የሚወጣው። «መጀመሪያ ላክ» ካለ ዝጉት።

ሻንጣም ዋጋ ነው። ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ለዘመድ ቀሚስና ጋቢ፣ ከዚያ ላይ በርበሬና ሽሮ ከጨመራችሁ በእጅ ሻንጣ አይሆንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የውጭ ኢኮኖሚ ትኬት በአብዛኛው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዟል፤ የአንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች ዝቅተኛ ዋጋ ግን የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ሻንጣውን ደምራችሁ አወዳድሩ። ደርሶ መልስ ገዝታችሁ የመሄጃውን በረራ ከቀራችሁ መመለሻውም አብሮ ይሰረዛል፣ ይህም መታወቅ አለበት።

በመጨረሻ ስማችሁ። የኛን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ቅጹ ላይ የት እንደሚገባ ብዙ ሰው ይደናገራል። ፓስፖርታችሁ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ETH ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ፣ << ከሚለው ምልክት በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከምልክቱ በኋላ ያለው መጠሪያ ስም ነው። ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ተሳስታችሁ ከሆነ ያኑኑ ዕለት ደውሉ፦ ከአሜሪካ ወይም ወደ አሜሪካ የሚደረግ በረራ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከተገዛና ለጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረ፣ በአሜሪካ ሕግ መሠረት አየር መንገዱ ወይ ቦታውን ያለ ክፍያ ለ24 ሰዓት ይይዝላችኋል፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሰርዞ ገንዘባችሁን ይመልሳል።