የደምበል ሐይቅ ደሴቶችና የቱሉ ጉዶ ጉዞ

የደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቀደም ሲል ዝዋይ ትባል በነበረችው የባቱ ከተማ አጠገብ ይገኛል። የቆዳ ስፋቱ 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ወደ ሐይቁ በሚገባውና ከሐይቁ በሚወጣው ውኃ መካከል የሚፈጠር ጥቂት ልዩነት በዳርቻው ላይ ወዲያው ይታያል።

በሐይቁ ላይ ከሚገኙት አምስት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ወደዚያ የሚያደርስ የየብስ መንገድ የለም። ጎብኚው ከባቱ ወደብ የሞተር ጀልባ ተከራይቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጓዛል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሳ ማለዳ መነሳት ይመረጣል። በወደቡ አባ ኮዳና ፔሊካን ከዓሣ አጥማጆች የሚተርፈውን ሲጠባበቁ፣ በደንገሉ ዳርቻ ደግሞ ጉማሬ ይታያል። በሐይቁ የቢልሃርዚያ በሽታ የሚገኝ በመሆኑ መዋኘት አይመከርም።

ከጀልባ ከተወረደ በኋላ የቀረው መንገድ በእግር ነው። አቀበቱ በኮረብታው አናት ላይ ወደሚገኘው የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሸሸጉት በዚህ ስፍራ ነው። ትውፊቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በደሴቱ የሚገኙት ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት በራሳቸው ከፍተኛ የቅርስ ዋጋ አላቸው።

የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዛይ ብሔረሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ቋንቋቸው ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ተዳፋቱን በእርከን አርሰው፣ ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ዓሣ አጥምደው ኖረዋል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳርቻ በመውጣታቸው የቋንቋው ተናጋሪዎች በልዩ ልዩ ከተሞች ተበታትነዋል።

ሐይቁን የሚመግቡት የመቂና የካታር ወንዞች ናቸው። ትርፉ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ አማካይነት ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል። በወንዞቹና በሐይቁ ዳርቻ ለመስኖ የሚሳበው ውኃ ሲበዛ ወደ አብያታ የሚደርሰው ይቀንሳል። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነውና እየሸሸ ጨዋማነቱ ጨምሯል፤ ዓሣውም ጠፍቷል። በሻላ ሐይቅ ደሴት ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ቁጥርም አብሮ አሽቆልቁሏል። በመሆኑም በባቱ ለመስኖ የሚሰጥ የውኃ ፈቃድ ውጤቱ የሚታየው በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ጭምር ነው።