ማስታወሻው የት ተቀመጠ? የአሮጌ ፕሮግራሞች የማሳያ ቅንብር አጭር ታሪክ



የመሬት ይዞታ ታሪክ የሚያጠና ሰው ስለ ኮምፒውተር መስኮት ሊናገር መነሣቱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ምክንያቱን ከራሴ ገጠመኝ ልጀምር። በወጣትነቴ፣ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉ የርስትና የጉልት ማስታወሻዎችን እየቀዳሁ፣ በዶስ በሚሠራ አንድ የአማርኛ ፕሮግራም እመዘግብ ነበር። ኋላ ኮምፒውተር ስቀይር ፕሮግራሙንና መዝገቡን በፍሎፒ ዲስክ ገልብጬ ወሰድሁ። በአዲሱ ኮምፒውተር ስከፍተው ግን በአማርኛው ፊደል ፈንታ የአውሮፓ ፊደላትና የሠንጠረዥ መስመሮች ተደበላልቀው ታዩኝ። የዓመታት ልፋቴ ከንቱ የቀረ መሰለኝ። ከመዝገቡ ግን አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለችም ነበር። የጎደለው፣ ፕሮግራሙ ሙሉውን ስክሪን ይዞ እንዲከፈት የሚያዝዝ ትንሽ ፋይል ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ወደ መነሻው እንመለስ። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያወጣ ጽሑፍ የሚታይበት ስክሪን በ80 ዓምድና በ25 መስመር የተከፈለ ነበር። 80 የሚለው ቁጥር ኩባንያው በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የቀዳዳ ካርድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ከ2,000ው ቦታዎች እያንዳንዱ ሁለት ባይት ነበረው፤ አንዱ ለፊደሉ፣ ሌላው ለቀለሙ። ፕሮግራሙ የስክሪኑ ብቸኛ ጌታ ስለነበር፣ የመስኮቱን ስፋት ወይም ቦታ ማስታወስ የሚባል ጥያቄ አልነበረም፤ መስኮቱ ራሱ አልነበረምና።

ለፊደሉ የተሰጠው አንድ ባይት ከ256 ቅርጾች አንዱን ብቻ ይጠራል። የእኛ ፊደል ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው። ከላቲኑ ፊደል፣ ከቁጥሮችና ከምልክቶች ጋር በአንድ ላይ አይገባም። ስለዚህ የአማርኛ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው አንዱን ለአንዱ መሠዋት ነበረበት። እንደ ቪጂኤ ያሉ የማሳያ ካርዶች ቅርጾችን መለወጥ ስለሚፈቅዱ፣ የእኔም ፕሮግራም የአማርኛውን ቅርጽ በአውሮፓው ቦታ ይጭን ነበር። ፋይሉ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን አማርኛ የሚያደርገው ካርዱ ላይ የተጫነው ቅርጽ ነው። ዊንዶውስ ፕሮግራሙን በመስኮት ሲከፍተው ግን ጽሑፉን የሚስለው በራሱ ፎንት ነው። እንግዲህ ለእኔ «ሙሉ ስክሪን» የሚለው ቅንብር ለዓይን ምቾት የተጨመረ ጌጥ አልነበረም፤ የንባብ ቅድመ ሁኔታ ነበር።

ዊንዶውስ ይህን ቅንብር የት አስቀመጠው? የመጀመሪያው መልስ ፒአይኤፍ የተባለው ፋይል ነው። አሠራሩ አይቢኤም በ1985 ካወጣው ቶፕቪው የመጣ ሲሆን ዊንዶውስ ወርሶታል። በዊንዶውስ 95 ዘመን ተጠቃሚው የዶስ ፕሮግራምን ቅንብር ሲለውጥ፣ ለውጡ ብዙውን ጊዜ ከፕሮግራሙ አጠገብ በዚህ ፋይል ይጻፍ ነበር። እኔ በፍሎፒው ሳልገለብጥ የተውሁት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው መልስ በ1993 ከወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ወገን የመጣ ነው። እዚህ የትእዛዝ መስመር መስኮት ቅንብር በሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፦ ፕሮግራሙ በአቋራጭ ከተከፈተ በአቋራጩ ፋይል ውስጥ፣ ካልሆነም በተጠቃሚው ሬጅስትሪ ውስጥ በመስኮቱ ርዕስ ስም። ርዕሱ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ሙሉ አድራሻ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙን ወደ ሌላ ፎልደር ያዛወረ ሰው ሳያውቀው ርዕሱንም ይለውጣል። ማስታወሻው ሳይጠፋ ባለቤቱን ያጣል። በአቋራጭ አስተካክሎ ሌላ ቀን ፕሮግራሙን በቀጥታ የሚከፍት ሰውም «ቅንብሬ አልያዝ አለ» ብሎ የሚያማርረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ በሩ እየጠበበ ሄደ። ከቪስታ ጋር የመጡት የማሳያ ድራይቨሮች የጽሑፍ ፕሮግራሞችን በሙሉ ስክሪን መክፈትን አስቀሩ፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስም የዶስ ፕሮግራሞችን ጨርሶ አያስኬድም። የእኔን መዝገብ የታደገው ዶስቦክስ ነው። ይህ ፕሮግራም አሮጌውን ኮምፒውተር ከነማሳያ ካርዱ ስለሚያስመስል፣ የተጫነው የአማርኛ ቅርጽ በመስኮት ውስጥም ይታያል። የመስኮቱ መጠንና አከፋፈት ደግሞ ማንም ከፍቶ ሊያነበው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። ያንን ፋይል ከመዝገቡ ጋር በአንድ ፎልደር አኖርሁት። ቀጥሎም በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥሮች ወደሰጠው ዩኒኮድ መዝገቡን በሙሉ ገለበጥሁ፤ ዋናውን ግን አልጣልሁም።

የጥንት ካህናት የመሬት ስጦታን በወንጌሉ ቅጠል ላይ ሲጽፉ፣ መጽሐፉን የሚጠብቅ ሁሉ ሰነዱንም እንዲጠብቅ ማድረጋቸው ነበር። ኅዳጉ ከመጽሐፉ አይለይም። ፒአይኤፍ ከፕሮግራሙ አጠገብ ቢኖርም አልተጠረዘም፤ የሬጅስትሪው ማስታወሻ ደግሞ ለስም እንጂ ለነገሩ አልታሰረም። እኛ የታሪክ ሰዎች ሰነዱ ምን ይላል ብለን ስንጠይቅ፣ ሰነዱ የሚነበብበት ሁኔታ ከሰነዱ ጋር ታስሯል ወይ ብለንም ልንጠይቅ ይገባል። ዛሬ የምርምር መረጃችሁን ለቤተ መዛግብት ስታስረክቡ፣ የተከፈተበትን ፕሮግራም፣ ፎንቱንና ቅንብሩን አብራችሁ አስረክቡ። ይህን ባለማድረጌ፣ ሙሉ መዝገብ በእጄ ይዤ ማንበብ የተሳነኝ ጊዜ ነበር።